የገጠመው አምፕሊፋየር

ልጃቸው ማኅሌት ጣና ላይ ጀልባ ተገልብጦባት ከቀረች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልባቸው ነው ጋሽ ገድሉ ስፒከር የገዙት። የሚስማማ አምፕሊፋየር ፍለጋ ሹም አቦ ሰፈር ካለው ከኑርሑሴን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስፒከሮቹን ይዘው ገቡ።

ኑርሑሴን የመጀመሪያውን ሲያገናኝ እሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ።

«ይኸ አቅም የለውም፣ ጋሽ ገድሉ።»

በሁለተኛው ውኃ ሲንቦጫረቅ ተሰማ። በትልቁ ግን የማኅሌት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«አባየ፣ ትሰማኛለህ?»

«ይኸኛው ገጠመ» ያለው ኑርሑሴን እጁን አይቶ ክው አለ፤ ዘፈን የጫነበት ፍላሽ እጁ ላይ ነው፣ ገና አልተሰካም።

ጋሽ ገድሉ አንዱን ስፒከር በሁለት እጃቸው አቅፈው ከንፈራቸውን አስጠጉ።

«ሰማሁሽ፣ ልጄ። ሰማሁሽ።»



«አባየ» አለች ማኅሌት፣ «ምነው ዝም አልህ?»