አይቀስቅሷት

«ካንሰሩና መድኃኒቱ ያመጡት ድካም ነው፤ ትተኛ፣ አይቀስቅሷት» አለው ሐኪሙ።

ባልየው እየተብከነከነ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ድካም ይለኛል! ድካምማ ሲተኙ ይለቃል፤ የሚስቱ ግን ተኝታ ስትነሳ ይብስባታል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቅጠሉን በእጇ እንደ ያዘች እንቅልፍ ይጥላታል። ደግሞስ ተኝቶ የቀረ ስንት ሰው አለ!

ስለዚህ በተኛች ቁጥር መዳፉን አፍንጫዋ ሥር ያስጠጋል። ትንፋሿ ከዘገየበት ትከሻዋን ይወዘውዛል።

«አስካለ! አስካለ!»

«አለሁ» ትለዋለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ስሞት እነግርሃለሁ፤ አሁን ልተኛበት።»

«እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም!» ይቆጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ እሱንም እንቅልፍ ጣለው። ሲባንን አልጋው ባዶ ነው። ሊጮኽ አፉን ሲከፍት ከንፈሩን ቀዝቃዛ ነገር ነካው።

ያለ ደጋፊ ከአልጋ መውረድ ያቃታት አስካለ፣ ወንበሩ ሥር ተንበርክካ፣ መዳፏን አፍንጫው ሥር ዘርግታለች።

«ብጠራህ፣ ብጠራህ ዝም አልከኝ» አለችው።