የጠዋቱ የሙከራ ወረቀት

በዚያ መሥሪያ ቤት ከኃላፊው ቀጥሎ የሚከበረው ፕሪንተሩ ነበር። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡትም አልጠፉም።

ክብሩን ያመጣችለት አንዲት የኮንትራት ሠራተኛ ናት። እሷ ከመምጣቷ በፊት ጽሑፉ ሁሉ በነጭ መስመር ይቆራረጥ ነበር። ኃላፊው በተናደዱ ቁጥር «ይታጠብ» ይላሉ፤ ማሽኑ ራሱን ሲያጥብ ቀለሙን ይጠጣል፤ ጽሑፉ ግን እንደነበረው ነው። እሷ መጥታ ያለ ምክንያት ማጠቡን አስቀረች። አቧራ እንዳይገባበት የልጇን አሮጌ ፎጣ አለበሰችው። በራሱ ቁልፍ ሳይጠፋ ከሶኬት የሚነቅለውን ሁሉ ተቆጣች፤ እንዲያ ሲነቀል ቀለም የሚረጨው ጭንቅላት ሳይከደን ያድርና ይደርቃል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ምንም ከመታተሙ በፊት አንድ የሙከራ ወረቀት ታወጣለች፦ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ መስመር። መስመሮቹ ካልተቆራረጡ ቀኑ ሰላም ነው።

«የፕሪንተሩ እናት» አሏት። የወለደችው እንኳ እንዲህ አልታቀፈም እያሉ ያሟታል። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ኃላፊው በጽሑፉ ጥራት ኮሩ፤ ከኩራታቸው ብዛት ማንበብ ተዉ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ደብዳቤዎቹን ማህደር ውስጥ ደርድሮ ግርጌ ግርጌውን ብቻ ገለጥ እያደረገ በጣቱ ያሳያቸዋል። እሳቸው ይፈርማሉ፤ እሱ ማኅተም ያሳርፋል።

ኮንትራቷ ሊያልቅ ሲል፣ ቋሚ እንድትሆን ለበላይ መሥሪያ ቤት ይጻፍላት ተባለ። ደብዳቤውን ራሷ ተየበችው። በዚያ ጠዋት የሙከራው መስመሮች እንደ ተወጠረ ክር ነበሩ። ደብዳቤው ቀስ እያለ ሲታተም አማቷ ደውለው የልጁ ትኩሳት ጨምሯል አሏት። ማሽኑ ላይ ያገኘችውን ወረቀት አንስታ ለመዝገብ ቤቱ ሰው ሰጠችና ሮጠች።

በማግስቱ ልጁ ተሽሎት ስትመለስ፣ ደብዳቤዋ ፕሪንተሩ አፍ ላይ ተኝቶ ጠበቃት። የሙከራው ወረቀት የለም።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ፖስታው ትናንትና ሄዷል። ሌላ እንላክ ብትለው፣ ለአንድ ጉዳይ ሁለት ደብዳቤ ከላክን ለምን ብለው ይጠይቁናል አላት። ለኃላፊው እንንገራቸው ብትለው ጭራሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ሳያነቡ ፈረሙ ብሎ የሚነግራቸው ማነው? አንቺ ነሽ? ወይስ ሳላይ ማኅተም የመታሁት እኔ?»

ነገሩ ለኃላፊው ሳይነገር ቀረ።

የበላይ ኃላፊው ደግሞ፣ እንደሚወራው፣ ነጠላ ሰረዝ ለጎደለው ደብዳቤ የሰው እንጀራ የሚዘጉ ናቸው። እሷም በሆዷ ሥራዋን ተሰናበተች። ማሽኑ ያለ እሷ እንዳይቸገር ብላ የጽዳት ሠራተኛዋን አያያዙን ታስተምራት ጀመር፤ ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ኑዛዜ አይታ አታውቅም።

መልሱ መጣ። ኃላፊው አስጠሯት። የመዝገብ ቤቱ ሰው በሩ ሥር ቆሞ ወለሉን ያያል። ኃላፊው ወረቀቱን ከፖስታው ግርጌው እስኪታይ ብቻ ሳብ አደረጉና ረጅም ጊዜ አዩት።

«የእሳቸው ፊርማ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኚህ ሰውዬ እምቢ ሲሉ መልስ አይጽፉም። ከፈረሙ ፈቅደዋል ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ፤ ቋሚ ነሽ። በይ ፋይልሽ ውስጥ አስገቢው።»

ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ወረቀቱን ከፖስታው ሙሉ በሙሉ አወጣችው።

ከበላይ ኃላፊው ፊርማና ማኅተም በላይ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ መስመር ነበር፤ የእነሱ ግን ሰማያዊው ተቆራርጧል።