ገምጋሚዋ የተቀመጠችበት ሶፋ የኛ አልነበረም

«ጋሼ... ሶፋውን ልንወስድ መጥተናል።»

በሩ ላይ የቆመው ጎረቤታችን ሹፌሩ ነው። ከኋላው ሁለት ወንድሞቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

ችግሩ... ሶፋው ላይ ሰው ተቀምጧል።

የተቀመጠችው ደግሞ፣ ለጨቅላ ሕፃን የአደራ ወላጅ ለመሆን እንበቃ እንደሆነ ቤታችንን ልታይ የመጣች ገምጋሚ ናት።

ባለቤቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ሠላሳ አራት ዓመት ሁለታችን ብቻ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ «እናቱ ታማ ማሳደግ ያቃታት ሕፃን ሞልቷል አሉ። እናቲቱ እስክትድን እኛ ብንይዝስ?» አለችኝ።

«እሺ» አልኩ።

ፈቃድ የሚሰጡ ድርጅቶች ሁለት ነበሩ።

የመጀመሪያው ሊፍት አለው። ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ወረቀት ዘረጋልን።

«እዚህ ጋ ፈርሙ። በሳምንት ውስጥ ሕፃን ይደርሳችኋል።»

«ቤታችንን አታዩም?» አልኩት።

«ኧረ አባባ! እናምናችኋለን!»

ባለቤቴ እስክሪብቶ አነሳች። እጇን ያዝኩት።

ሁለተኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እዚያ ያለችው ሴት የጤና ምርመራ አለች፣ የፖሊስ ማስረጃ አለች፣ ሥልጠና አለች፣ የቤት ጉብኝት አለች...

ደረጃውን ስንወርድ ባለቤቴ ጨሰች።

«ምን ሰርቄ ነው እንዲህ የምበረበረው?!»

«የምንመዘገበው እዚህ ነው» አልኳት።

«አበድክ?»

እኔ ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ በር ጠብቄያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም... በር ግን አውቃለሁ። ሳይፈትሽ የሚያስገባ ዘበኛ ሳይፈትሽ ያስወጣል።

«ለኛ ዝም ብሎ ሕፃን የሚሰጥ ለማንም ይሰጣል» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። በሆዷ የያዘችው ነገር ግን ነበር...

የጉብኝቱ ቀን ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ቤቴን አጣሁት።

ሶፋ አለ። ምንጣፍ አለ። መጋረጃው መሬት ይጠርጋል። ቴሌቪዥኑ በር ያክላል።

የሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ።

«ና ግባ አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ ከውስጥ። «የጎረቤት ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ነው የተዋስኩት። ደሃ ናቸው ብላ ብትከለክለንስ?»

አራት ሰዓት እመጣለሁ ያለችው ገምጋሚ መኪና ተበላሽቶባት ለስምንት አሥር ጉዳይ ደረሰች።

ስምንት ሲሆን... ሹፌሩ።

ገምጋሚዋ ደብተሯን አቅፋ ተነሳች። ሶፋው ወጣ።

ወዲያው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ገባች።

«እትዬ፣ መጋረጃዬን...» እንግዳዋን ስታይ ደነገጠች። «ውይ! የኔ ማለቴ አይደለም... ላጥብላችሁ ብዬ ነው!»

መጋረጃው ወጣ።

የመምህሩ ሚስት ለምንጣፉ መጣች። ገምጋሚዋ የቆመችው እሱ ላይ ነው። አንድ እግሯን አነሳች... ቀጥሎ ሌላውን።

ፀጉር አስተካካዩ ከበር ላይ ሆኖ ጮኸ። «ጋሼ፣ ኳስ ሊጀምር ነው፣ ቴሌቪዥኗን!»

እኔ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እየለመንኩ ነው።

ባለቤቴ ግን እንደደነገጠችም ቢሆን ሥራዋን አልተወችም። ሶፋውን በጨርቅ ጠርጋ ሰጠች። ምንጣፉን አራግፋ፣ ጠቅልላ፣ በገመድ አሰረችው። የመጋረጃው ጫፍ ተተርትሮ ኖሮ ጠዋት ሰፍታዋለች... ለልብስ ሰፊ! ሁሉንም «ተባረኩ» እያለች እስከ ደጅ ሸኘች።

ቤቱ ውስጥ አልጋችን፣ ሁለት በርጩማና እኔ ቀረን።

ገምጋሚዋ ዞር ብላ አየችኝ።

«እርስዎስ አባባ... የማን ነዎት?»

«የሷ ነኝ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

ሳቋ አመለጣት። በርጩማውን ልትስብ ብላ እጇን ሰበሰበች። «ይሄስ?»

«የኛ ነው። ቁጭ በይ።»

ባለቤቴ አልሳቀችም። እንባዋ ወረደ።

«ዋሽቼሻለሁ የኔ ልጅ። ያለን ይሄው ነው። ባይሆን እኔን ተቆጪኝ... ሕፃኑን ግን አትከልክይን።»

ገምጋሚዋ ሳቋን ዋጠች።

«እማማ፣ ውሸት አልወድም። ሁለተኛ እንዳይደገም። ደግሞ እኛ ሶፋ የት ጠየቅን? ንጹሕ ውኃ፣ ለብቻው የሚተኛበት ቦታ፣ ጤነኛ አሳዳጊ... በቃ።»

በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና ፈቃድ የሰጠናቸው ሰዎች ቤታቸው ሙሉ ነበር። የሕፃኑ እናት ድና ስትመጣ ግን በር ቆለፉባት። በዚህ ሥራ ከባዱ ማሳደጉ አይደለም እማማ... መመለሱ ነው። እኔ ቤት ላይ ቤት ዞሬ የማጣውን ነገር ዛሬ አራት ጊዜ አየሁት። የሰው ነገር ባለቤቱ ሲመጣ ከወሰዱት አሳምረው፣ መርቀው ሰጡ።»



ያኔውኑ ፈቃድ አልሰጠችንም። ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጣች፣ ሥልጠናውንም ወሰድን። በሦስተኛው ወር የሃያ ቀን ሕፃን ታቅፋ በራችን ላይ ቆመች።

ሰባት ወር አሳደግናት። መጎተት የጀመረችው በእኔ ጢም ነው።

እናቷ ድና የመጣች ዕለት ባለቤቴ ሕፃኗን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ልብሶቿን በየመጠናቸው አጥፋ አስረከበቻት።

«ሆዷን ሲነፋት በግራ ትከሻሽ ያዣት» አለቻት። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሁለታችንም አልጋው ላይ ተቀምጠን እንደ ልጅ አለቀስን።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ስልኩን አቀበለችኝ።

«ለድርጅቱ ደውል» አለችኝ። «ቤቱ ባዶ ነው በላቸው።»

ወዳጆቼ... ፍቅር መያዝ ብቻ አይደለም። የያዙትን አሳምሮ ለባለቤቱ መመለስም ፍቅር ነው።

እናንተ ብትሆኑ ሰባት ወር ደረታችሁ ላይ ያስተኛችሁትን ልጅ መርቃችሁ ትሰጡ ነበር... ወይስ በር ትቆልፉ ነበር? እውነቱን ከታች ጻፉት።