ፈንጣጣ የያዛቸው ቢላዎች

ሳህሌ ቃሊቲ ውስጥ ከቤቱ ጓሮ ቢላ መሥራት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «የሳህሌ ቢላ አይዝግም» ይባል ነበር። ይባል ነበር፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ሳሪስ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጠው ሀይረዲን ለፋሲካ ገበያ አርባ ቢላ አዘዘው። ሚስቱ መሰለች ደስታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ለሰው አታውራ፤ ሥራ ሲበዛ ዓይን ይበዛል» አለችው።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ቢላዎች ስሎ፣ ወልውሎ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። በሳምንቱ ሲፈታቸው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስለዋል። በመርፌ የተወጉ ይመስል ጥቃቅን ጉድጓድ ብቻ፣ ዙሪያው ቡናማ። ስቴንለስ ብረት እንዲህ ይሆናል? ሳህሌ ክው አለ።

ብረቱን ከሸጠለት ከሙህሲን ጋር ተጨቃጨቀ። ሙህሲን «ያው የዱሮው ብረት ነው፣ ወላሂ» ብሎ ማለ። ከሌላ ነጋዴ ገዝቶ ሞከረ፤ እሱም ተበሳሳ። እሳቱን ቀነሰ፣ የማቀዝቀዣውን ዘይት ቀየረ፣ የመወልወያውን ጨርቅ ጣለ። ወይ ፍንክች።

ያኔ ዓይኑ አጥሩን ተሻገረ። ከቆርቆሮው ማዶ ዱጉማ ባትሪ ይጠግናል፤ የአሲዱ ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል።

«አሲድህ ቢላዬን እየበላው ነው» አለው ሳህሌ።

«አጥር ዘሎ ያንተን ብቻ መርጦ ይበላል? የኔ መፍቻዎች እኮ እዚሁ አሲዱ ሥር ነው የሚውሉት፣ ምንም አልሆኑ» አለ ዱጉማ።

የተጨነቀ ሰው ምን ጆሮ አለው። የተበሳሱትን ያየው ሀይረዲን ደውሎ፣ «ሳህሌ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አሁንም እንደዚያው ከሆነ ግን የቻይናውን አስገባለሁ፣ እንዳትቀየመኝ» ብሎታል። የቻይናው ገባ ማለት የሳህሌ ጓሮ ተዘጋ ማለት ነው። ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም።

ለአሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቱ የነበረውን ዱጉማን ወረዳ ሄዶ ከሰሰው። የዱጉማ ቤት ታሸገ። ዱጉማ ባትሪዎቹን በጋሪ ጭኖ ሲወጣ ቀና ብሎም አላየው። ሳህሌንም ደስ አላለውም።

ሰኞ አርባውንም ጨረሰ። አንድ በአንድ ጠቅልሎ፣ ሳጥኑን ለጥንቃቄ ከአልጋው ሥር አስገባው፤ እስከ ቅዳሜም ላይከፍተው ማለ።

«እንግዲህ ዱጉማ የለ፣ ማን ይነካቸዋል?» አለ።

«እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል» አለች መሰለች።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል የላስቲክ ኮሽታ ቀሰቀሰው። መሰለች ነጠላዋን አጣፍታ መሬት ተንበርክካለች። የመጨረሻውን ቢላ መልሳ እየጠቀለለች ነው፤ አጠገቧ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ተጋድሟል።

«ተኛ፣ ጨርሻለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ሥራው ከታዘዘ ጀምሮ አንድም ጠዋት መርጨቱን አላጓደልኩባቸውም፤ ለክፉ ዓይን ደግሞ ይሄ ጨው ጨው የሚለው ጠበል ነው የሚበጀው።»