መጽሐፉን ዘግቶ መጻፍ

«እትዬ፣ እነዚህ ቃላት የማን ናቸው?»

መምህሩ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፎ ልብስ አጣቢዋን ጠየቃት። የማንስ ይሆናሉ? ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች፣ አንዲት ነጥብ ሳትጥል የጻፈቻቸው እሷ ናት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ የተመሰገነችውም በዚሁ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁልጭ አድርጎ የሚገለብጥ እንደ እሷ አልተገኘም።

«ከዚህ ከልብስ እጥበት መጽሐፍ ነው የገለበጥኩት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያጎደልኩት አለ?»

«ምንም አላጎደሉም። ጣጣው እሱ ነው።»

ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ክፍሉን ለጎልማሶቹ የለቀቀላቸው፣ ማንም ሰው ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ እያንዳንዳቸው ሙያቸውን እንዲጽፉ ነበር። እሷ በመጻፊያ ስም «የአራት ልጆች እናት» ብላ ተመዘገበች፤ ከስሟ ሥር «የሆስፒታል ልብስ አጣቢ» ብላ ጨመረች። ስለ ልብስ እጥበት ጽፋ ስትጨርስ ለአራቱም ልጆቿ በየተራ ደወለች። ትልቁ ልጇ ዛሬ ማታ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ እንደሚያሳይላት ነግሯታል።

አሁን ገጹ አናት ላይ ቀይ ሣጥን ተለጥፏል፦ ቃል በቃል ከመጽሐፍ የተወሰደ፣ የደራሲውን መብት የጣሰ፤ ዛሬ ካልተስተካከለ ይሰረዛል። ከሣጥኑ ሥር፣ ጸሐፊዎቹ በሚወያዩበት ቦታ፣ «ብዕረኛው» የሚባል ሰው መልእክት ትቶላታል። በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሌባ። አጣቢ... ከሳሙናዋ ጋር... ትዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ... እየገባ... ገጹን አቆሸሸው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ከሐኪሞችና ከሕሙማን ኪስ ቀለበት፣ ሰዓት፣ ብር አውጥታ ለባለቤቱ ስትመልስ ኖራለች። ስለ ራሷ በጽሑፍ ያነበበችው የመጀመሪያ ቃል ግን «ሌባ» ሆነ።

«አንቺ፣ ተነሽልኝ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው የመጋዘን ዘበኛ። «እኔ ልመልስለት። ለስድብ ለስድብ ፊደሉ ይበቃኛል።»

«ራሱን ብዕረኛ ብሎ መጥራቱ» አለች ሽንኩርት ሻጯ ከኋላ። «እኔም ቆንጆዋ ብዬ ልመዝገብ እንዴ?»

መምህሩ ሳቁን ዋጠ። «እዚህ ቤት ሁለት ነገር ነውር ነው። አንደኛው የሰው ቃል ወስዶ የራስ ማስመሰል፣ ሁለተኛው ሰው መስደብ። አንደኛውን ሳናውቅ ሠራነው። ሁለተኛውን አውቀን አንጨምርበት።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?» አለች አጣቢዋ።

«መጽሐፉን ይዝጉና በራስዎ አነጋገር ይጻፉት። ዕውቀቱን ከየት እንዳገኙ ደግሞ ከግርጌ የመጽሐፉን ስም ያኑሩ።»

መዝጋት? ጣቷን ከመስመር ካነሳች ጭልጥ ብላ የምትጠፋ ሰው ናት። መጽሐፉን ዘጋችው፤ መዳፏን ግን ሽፋኑ ላይ እንደ ጫነች ቀረች።

«አልችልም፣ መምህር። እንኳን ልጽፈው፣ ጭራሽ አልገባኝም። በከፍተኛ ሙቀት የሚረጋ ፕሮቲን ይላል። ምኑን አውቄው?»

«ደም የነካው አንሶላ መጣልዎ እንበል። ምን ያደርጋሉ?»

«በቀዝቃዛ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ ነዋ» አለች፣ ሕፃን የሚያውቀውን እንደጠየቃት ሁሉ። «ፍል ውሃ ካገኘውማ አለቀለት። ደሙ መጥበሻ ላይ እንዳረፈ እንቁላል ይረጋል። አንዴ ከረጋ አንሶላው ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም። ለአዲስ ገቢዎቹ ስንቴ ነግሬያለሁ።»

ዘበኛው ቀስ ብሎ መጽሐፉን ከመዳፏ ሥር ሳበው።

«እና... መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው?» አለች አጣቢዋ።

«ይህንኑ ነው፣ እትዬ።»

ፊደል መልቀም ጀመረች። ቀዝቃዛ ውሃ። እንቁላል። ስትሳሳት አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። አሥራ አንድ መስመር ሆነ። ከግርጌ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም አኖረች። ከዚያ ወደ ብዕረኛው መልእክት ወርዳ መለሰችለት፦ «ወንድሜ፣ መገልበጤ ጥፋት ነበር፤ አላወቅኩም። አሁን በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አሳየኝ።»

«ወንድሜ?» አለ ዘበኛው። «እሱን?»

«ስሙን አላውቀው፣ ምን ልበለው?»

ብዙ አልቆየም፣ መልስ መጣ። ብዕረኛው ነው፤ አሁን የሰደበው እሷን ብቻ ሳይሆን የወለዷትንም ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ክፍሉ ሲጉረመረም ከስድቡ በታች ሌላ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የገጹ ተቆጣጣሪ ነበር።

«ምን ይላል? ያስወጡሻል?» አለች ሽንኩርት ሻጯ ጨንቋት።

አጣቢዋ በልቧ አንዴ አንብባ ጨረሰችውና ከመጀመሪያው ጮክ ብላ ጀመረች። ብዕረኛው ሰው እንዳይሳደብ ሁለት ጊዜ ተነግሮታል፤ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይጽፍም። ጽሑፉ በራስ ቃል ተስተካክሏል፣ ምንጩም ተጠቅሷል፤ አይሰረዝም።

ቀና ብላ የገጹን አናት አየች። ቀዩ ሣጥን የለም።

ብዕረኛው ሄደ። የአራት ልጆች እናት እዚያው ናት።