ያከራዩት ድምፅ

እትዬ ይመኙሻል ቤታቸውን ለደላላ ድርጅት ሲሰጡ፣ አዲሱ ሕግ እንደሚያዘው ድምፃቸውንም አብረው አስረከቡ። ከዚያ ወዲህ ተከራይዋን ትርሲትን በእሳቸው ድምፅ ግድግዳው ውስጥ በተገጠመ ድምፅ ማጉያ የሚያናግራት ድርጅቱ ነው። ምን እንደሚላት ጠይቀው አያውቁም።

መውለዷን የሰሙት ከጎረቤት ነው። አጥሚት በፔርሙስ ይዘው በዝናብ ሄዱና በሩን አንኳኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ ዓለም!»

በሩ አልተከፈተም። «ደግሞ ምን ቀረዎት?» አለች ትርሲት ከውስጥ። «ጣሪያው ጨቅላው ላይ ያንጠባጥባል ብዬ ብለምንዎት፣ ‹አልጋሽን ወደ ጥግ ሳቢው፣ የኔ ዓለም› አላሉኝም?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ድርጅቱ ነው!»

«ድምፅዎን ማን ሰጠው ታዲያ?»

ለድርጅቱ ደወሉ። ያነሳው የራሳቸው ድምፅ ነበር፤ «ቅሬታሽን ሰምቻለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ፣ የኔ ዓለም።»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» ብለው ጮኹ። ማንን እንደረገሙ የገባቸው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው።

ትርሲትን እንደገና ሊጠሩ አሰቡና ተዉት። በዚህ ድምፅ ምን ቢሏት ታምናለች? ፔርሙሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ወደ ግቢው በር አዘገሙ። ከኋላቸው በሩ ሲከፈት ሰምተው ዞር አሉ። ትርሲት ፔርሙሱን ልታነሳ ጎንበስ ብላለች። ደስ አላቸው።

ያን ጊዜ ያ ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ ለስልሶ ወጣ፤ «በር ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ያስቀጣል፣ የኔ ዓለም።»

ትርሲት ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው፣ ፔርሙሱን በእግሯ ወደ ዝናቡ ገፍታ በሩን ዘጋችው።