የአምሐ ስኳር

ዮዲ የእናቷን ሐብል ልትቆልፍላት ፀጉሯን ወደ ላይ ሰበሰበችና እጇ ቆመ።

«ማሚ፣ አንገትሽ ምን ሆኗል? ጠቁሯል። ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን አይለቅም።»

«ፀሐይ ነዋ።»

«ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠሽ የምን ፀሐይ ነው?»

እጅጋየሁ ሐብሉን ራሷ ቆለፈች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሚልፒታስ በሚባል ከተማ በማጉያ መነጽር ሥር ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ትገጣጥማለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ የዕቃዎቹ ጠርዝ ይደበዝዝባታል። አለቃዋ የተበላሸ ሥራ ሁለት ጊዜ መልሶላታል፤ ሦስተኛ ካለ እንደሚያሰናብታት ነግሯታል። ውሃም ይጠማታል። ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ እንደገና ይጠማታል።

ዮዲ ስልኳን ከፍታ የስኳር በሽታ ምልክቶችን እያነበበች ጠየቀቻት። አንዱም አልቀረም።

«ለምን አልነገርሽኝም? እናንተ ሰዎች ሁሉን ነገር ትደብቃላችሁ። ያንቺን ወንድም ሞት እንኳን ሦስት ወር ደብቀውሻል።»

«ለሰው ልብ ታስቦ ነው» አለች እጅጋየሁ።

ስኳር የሚለውን ቃል ትፈራዋለች። እናቷ ስኳር እንዳለባት የተነገራት ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሲነሣ እጅጋየሁ ክፍሉን ትለቅ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በኦክቶበር፣ ባሏ አምሐ «ሐኪሜ ስኳር ሊይዝህ ጫፍ ላይ ነህ አለኝ» ብሏት ሲመጣ ግን መሸሽ አልቻለችም። ያኔ የሚኖሩት ኦክላንድ ነበር። አምሐ ስኳሩንና ነጩን ዳቦ ከቤት አወጣ። «ብቻዬን አልራመድም፣ አብረሽኝ ውጪ» አላት። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ቤታቸው አጠገብ ያለውን ሐይቅ ዞሩ፤ በዝናብም ዞሩ። ጉልበቱ ያብጥ ነበር፣ ግን አንድ ቀን አልቀረም። መድኃኒት አልጀመረም፤ በእግሬ እገፋዋለሁ ይል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሪችመንድ አጠገብ መኪና እየነዳ ሳለ ልቡ ቆመ። እጅጋየሁ ለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ስኳሩ ነው የበላብኝ» አለች። ከዚያ ሳንሆዜ ልጇ ዘንድ ገባች። አብሯት የሚራመድ ሰው አልነበረም። ሻይዋን እንደ ድሮው በሦስት ማንኪያ ስኳር መጠጣት ጀመረች። አንዳንድ ቀን ማንኪያውን ስታነሣ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላትና ዞር ትላለች።

የእሷ ሐኪም ሌላ ነው። ኦክላንድ እያሉ በየዓመቱ ደሟን ይወስድ ነበር፤ አምሐ ከሞተ ወዲህ ግን ሄዳ አታውቅም። ክሊኒኩ አስተርጓሚ ልጥራ ሲል አምሐ «እኔ እያለሁ ለምን?» ይል ነበር። ከክሊኒኩ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚከፍተውም እሱ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ያወራል፤ አምሐ አሳጥሮ ያመጣዋል። «እንግሊዝኛ ቃል ያባክናል» ይላታል። «ባጭሩ፣ እንደ ኮረዳ ነሽ ነው የሚለው።» እሷ ትስቅና ለሐኪሙ «ኦኬ፣ ታንክ ዩ» ትላለች።

«የዳዲ ሐኪም ወዲያው ነገረው» አለች ዮዲ። «ያንቺው ያንን ሁሉ ዓመት ደም ቀድቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወይ አላየውም ወይ ግድ የለውም። ማሚ፣ ዛሬውኑ መርምረኝ በዪው። ዝም እንዳትዪ።»

አብረው የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ። እጅጋየሁ ፈረመችበት።

ከቤሪየሳ ጣቢያ ወደ ኦክላንድ ብቻዋን ባቡር ተሳፈረች። ክሊኒኩ ለአንድ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ግማሹን ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ጋር ያሳልፈዋል። በክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ወንበሮች እንደ ድሮው ጎን ለጎን ነበሩ። ነርሷ አስተርጓሚ በመስመር ላይ ያለችበትን ስልክ አምጥታ አምሐ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ አኖረችው። ከወንበሩ ላይ የማታውቃት ልጅ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ እናቴ» አላት። እጅጋየሁ ወንበሩን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ሐኪሙ ገባ።

«እናቴ፣ የእግር ጉዞው እንዴት ነው፣ ሐይቁን አሁንም ይዞራሉ ወይ ይላል» አለች አስተርጓሚዋ።

«የሚዞረው ባሌ ነበር። ስኳር የነበረበት እሱ ነው። የማንን በሽታ ለማን እንደሚያወራ እንኳን አያውቅም በይልኝ።»

ሐኪሙ ቅንድቡን ሰበሰበ። እጅጋየሁ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ምልክቶቿን አንድ በአንድ አነበበች። «ደሜ ዛሬ ይታይልኝ። ሳይታይ አልወጣም።»

ጣቷን ወጓት። ጥቂት ጠበቁ። የሦስት ወር የስኳር ልኳ ስምንት ነጥብ አራት ወጣ። አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ፣ ስኳር ነው አለቻት። እጅጋየሁ ግድግዳውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠችና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገረኝም? እኔ ሰው አይደለሁም ወይ በይልኝ።»

ሐኪሙ ደብዳቤውን እስከ ፊርማዋ አነበበው። አልተቆጣም። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ፣ እስከ ኦክቶበር ድረስ ሄደና ያገኘውን ጮክ ብሎ አነበበ። ከአምሐ ወንበር ላይ የአስተርጓሚዋ ድምፅ መጣ።

«እናቴ፣ መዝገቡ እንዲህ ነው የሚለው፤ ‹ስኳር ሊይዛት ጫፍ ላይ እንደሆነች ለታማሚዋ ተነግሯታል። ጣፋጭ እንድትተውና በየቀኑ እንድትራመድ ተመክራለች። ባለቤቷ ተርጉሞላታል። ታማሚዋ ስቃ፣ ኦኬ፣ ታንክ ዩ ብላለች።›»